ፎረፎሩ ጠፋ፣ መቆጥቆጡ ግን አልጠፋም፤ የራስ ቆዳዬን አጥር ማን አፈረሰው?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የአራት ኪሎ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ለገሃር አካባቢ ነው፣ ሒሳብ ክፍል። ጥቁር ኮት ከለበስኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ትከሻዬ ላይ የሚረግፈውን እያራገፍኩ ስብሰባ መግባት ሰለቸኝና ኮቱን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት። በእነዚህ ዓመታት ያልሞከርኩት የለም። ድርቀት ነው ብለውኝ ቅቤ ተቀባሁ፤ ቀጥሎ የጉሎ ዘይት፤ ቀጥሎ ፌጦ በውሃ ተለውሶ፤ አንድ ሰሞን ደግሞ ሎሚ፣ እሱንስ ባላነሳው ይሻላል።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ከራሴ ቀድማ ያየችው ቅንድቤንና የአፍንጫዬን ግራና ቀኝ ነው። እዚያም ነጣ ያለ የሚላጥ ነገር ነበረ፤ እኔ ብርድ የመታኝ ይመስለኝ ነበር። ሴቦሪክ ደርማታይተስ ነው፣ ወዝ በሚበዛበት ቦታ የሚወጣ የቆዳ መቆጣት፤ የራስ ቆዳህ መከላከያ አጥርም ሳስቷል ብላ ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ሻምፖ አዘዘችልኝ። ሦስት ወር ሆነኝ። ፎረፎሩ የለም ማለት ይቻላል። ግን ራሴ ይቆጠቁጠኛል፣ ላብ ሲነካው ይለበልበኛል፣ ኮፍያ ማድረግ አልችልም። ጥያቄዬ ሁለት ነው። አጥሩን ያፈረሰው ፈንገሱ ነው ወይስ አጥሩ ቀድሞ ስለሳሳ ነው ፈንገሱ የበረታው? ፈንገሱ ድል ከሆነ ደግሞ ቆዳዬ ለምን አልዳነም?

ከላይ ያለውን የለጠፍኩት አንድ ሰኞ ማታ ነው። ከዚያ ወዲህ የምላሾቹ ክር ረዝሞ፣ ተጣልቶ፣ ታርቆ፣ ስለ ጾምና ስለ ፒያሳ ሳይቀር አውርቶ ጨረሰ። ዘግይታችሁ ለምትገቡ የመጡትን ምላሾች በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፤ ቁጥሩ ግን የምላሹ ቁጥር ነው።

1. የመጀመሪያው ሰው ትሁት ነበር። እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ጀምሮ ነገሩ የበጋ አየር ያመጣው ድርቀት እንደሆነ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሩ ከጥቅምት ጀምሮ ቆዳ እንደሚያደርቅ አስረዳኝና ውሃ በብዛት እንድጠጣ፣ ማታ ማታ ለጋ ቅቤ እንድቀባ መከረኝ። ስለ አየሩ ልክ ነው። ስለ ቅቤው ምን እንደወረደበት ታያላችሁ።

2. ካዛንቺስ ያደገች አንዲት ሴት ቁጥር 1ን በለሆሳስ አረመችው። የሚረግፍ ነገር ሁሉ ድርቀት አይደለም፤ የዚህ በሽታ ቦታዎች ራስ፣ ቅንድብ፣ የአፍንጫ ጎን፣ ከጆሮ ጀርባ፣ የደረት መሐል ናቸው፤ ሁሉም ወዝ የሚበዛባቸው ናቸው። ድርቀት ቢሆን ኖሮ ቅልጥማችን ላይ በጀመረ ነበር አለች። እኔን ለስድስት ዓመት ያሳሳተኝ ይኸው ነው።

3. ሦስተኛው ረጅም ነበር፤ የጻፈችው በቆዳ ሕክምና ስፔሻላይዝ በማድረግ ላይ ያለች ሐኪም ናት። መከላከያ የሚባለው ከወረቀት የቀጠነ የላይኛው የቆዳ ንጣፍ ነው፤ የሞቱ ጠፍጣፋ ሕዋሳት ተደራርበው የሠሩት። በሕዋሳቱ መካከል ሦስት ዓይነት ቅባት አለ፦ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ። ሥራው ሁለት ነው፤ ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይተን፣ ውጭ ያለው የሚያስቆጣ ነገር እንዳይገባ። ፎረፎርና ሴቦሪክ ደርማታይተስ ባለበት ራስ ላይ እነዚህ ቅባቶች ያንሳሉ፣ የሚተነውም ውሃ ይበዛል።

ከዚያ ወደ ፈንገሱ ዞረች። ማላሴዚያ ይባላል፤ እርሾ መሰል ነው፤ በሁላችንም ራስ ላይ ይኖራል። የራሱን ቅባት መሥራት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዝርያዎቹ የአንደኛው ሙሉ የዘር መረጃ ሲነበብ ፋቲ አሲድ የሚሠራበት ጂን እንደሌለው ታወቀ። ስለዚህ ኢንዛይም እየረጨ የኛን ወዝ ይሰባብራል፤ የሚስማማውን ይበላል፣ የማይፈልገውን ይተዋል። ከሚተወው ውስጥ ኦሊክ አሲድ አለ። ችግር የሚያመጣው የተረፈው ነው፤ በአጥሩ ቅባት መካከል እየገባ ድርድሩን ያላላዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከታተመ ሥራ ያመጣችው ነገር ደግሞ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም፦ ኦሊክ አሲድ ብቻውን ፎረፎር በሚያጠቃቸው ሰዎች ራስ ላይ ሲቀባ ቅርፊት አመጣ፤ በማያጠቃቸው ሰዎች ላይ ግን ምንም አላደረገም። ልዩነቱ ከሰውየው ቆዳ ነው ማለት ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄዬ መልሷ እንግዲህ ሁለቱም ነው፤ የሳሳው አጥር ያስገባዋል፣ የገባው መልሶ ያሳሳዋል።

4. ታሪክ ወዳዱ ሰውዬ (በየክሩ አንድ አይጠፋም) ፈረንሳዊው ማላሴ በቅርፊት ውስጥ ይህን ፍጥረት ያየው እ.ኤ.አ. በ1874 መሆኑን፣ ያም አፄ ዮሐንስ 4ኛ በነገሡ በሁለት ዓመቱ እንደሆነ ነገረን። በሽታውን ለይቶ የጻፈው ደግሞ ጀርመናዊው ኡና ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1887፤ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ሰሞን ማለት ነው። ለመቆጥቆጤ ምንም አልፈየደልኝም፤ ግን ደስ አለኝ።

5. አንዱ ተነጫነጨ። ሐኪሟ የጻፈችውን ግማሹን እንዳልተረዳ፣ እዚህ የመጣው ትምህርት ቤት ለመግባት እንዳልሆነ ተናገረ። አጠር ያለና ጎምዛዛ ነበር።

6. ሐኪሟ ሳትቆጣ ተመለሰች። መጻሕፍቱ ቆዳን በግንብ ይመስሉታል፣ ሕዋሱን በጡብ፣ ቅባቱን በሲሚንቶ። እሷ ግን የአያቷን ጭቃ ቤት አመጣች። ማገርና ግድግዳው ሕዋሳቱ ናቸው፤ ቅባቱ ጭድ ገብቶበት የቦካው ጭቃ ነው፣ ምርጊቱ። ምርጊቱ ሲሰነጠቅ እንጨቱ ቆሞ እያለ ብርድ ይገባል። ቤትህ ቆሟል፣ የገባው ብርድ ነው፤ አይጡን ብታባርርም ቀዳዳውን ካልመረግኸው ብርዱ አይቆምም ብላ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዬ ጠጋ አለች። ቁጥር 5 አመሰገነ። ይህን በበጎ ያዙለት፤ ቀጥሎ በሌላ ነገር ይመጣል።

7. አሁን ቅቤው መጣ። ወይዘሮዋ፣ በአነጋገራቸው በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ ልጆች ብለው ጀመሩ። እናታቸውም አያታቸውም በየሳምንቱ እሑድ ራሳቸውን በቅቤ ሲታሹ ኖረው ፎረፎር የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ቅቤ ራስ ያበርዳል፣ ዓይን ያበራል፣ ፀጉር ያሳድጋል። የዘንድሮ ሰው የፈረንጅ ሻምፖ ራሱን ልጦት የአባቶቹን መድኃኒት ይወቅሳል።

8. ይህኛው ስለታም ነበር፣ ትንሽም ድፍረት ነበረበት። አያቶቻችን ፎረፎር አልነበረባቸውም የምንለው ሻሻቸውን ገልጦ ማን አይቷቸው ነው ሲል ጠየቀ። የእሱ አያት ሚዶ ከእጃቸው ተለይቶ እንደማያውቅ፣ በዚያ ሚዶ የሚያክኩት ምን እንደነበረ አሁን እንደገባውም ጨመረ። ሳቅ የሚያሳዩ ምልክቶች በዝተውበት ነበር።

9. ነገሩ ሳይከፋ አንዲት አስተዋይ ገባች። እማማን በአክብሮት ይዛ፣ ቅቤ መጀመሪያ ላይ እፎይ እንደሚያሰኝ አልካደችም፤ ቅርፊቱን ያለሰልሳል፣ የሚተነውን ውሃ ያግዳል። ችግሩ ማግስቱን ነው። ቅቤም፣ የወይራ ዘይትም፣ ብዙዎቹ የእጽዋት ዘይቶችም ፈንገሱ የሚወደው የቅባት ዓይነት አለባቸው፤ ቫዝሊን ግን ከማዕድን ስለሆነ ምግቡ አይደለም። ፀጉሩን ቅቡት፣ ቆዳውን ተዉት የሚል ነበር ሐሳቧ። እኔ በግሌ ቅቤ በተቀባሁ በሦስተኛው ቀን የሚመጣውን እከክ ስለማውቀው እሷን አምኛለሁ። ከሥር ደግሞ ደረትና ጀርባ ላይ የሚወጣው ቋቁቻ የዚሁ የማላሴዚያ ዘመድ ሥራ እንደሆነ ጣል አድርጋ ሄደች። ቋቁቻና ፎረፎር ባንድ ሰው ላይ ለምን እንደማያቸው ያን ቀን ገባኝ።

10 እና 11. ከዚህ በኋላ ሁለት ሰዎች በጾም ወራት ራስን ቅቤ መቀባት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚል ተያያዙ። አንዱ በአፍ ያልገባ ጾም አያስፈታም ባይ ነው፤ ሌላው ሽታው ራሱ ፈተና ነው ባይ። አልፌዋለሁ፤ ሁለቱም የንስሐ አባት አላቸው።

12. ቁጥር 5 ተመልሶ መጣ፣ አሁን አዋቂ ሆኖ። የቆዳ ጤናማ ጠባይ ኮምጣጣ ነው፣ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል) አምስት አካባቢ ነው፣ ሳሙና ደግሞ ዘጠኝና አሥር ይደርሳል የሚል አንብቧል። እዚህ ድረስ ልክ ነበረ። ከዚያ ግን ስለዚህ ሎሚ ጨምቆ ራስ ላይ ማፍሰስ ሳይንሳዊ ነው ሲል ደመደመ።

13. ሐኪሟ በሦስት መስመር ዘጋችው። የሎሚ ፒኤች ሁለት ገደማ ነው፤ ከአምስት ይልቅ ለባትሪ ውሃ ይቀርባል። በተሰነጠቀ ምርጊት ላይ ሲፈስ ማቃጠል ነው ትርፉ፤ ሎሚ በነካው ቆዳ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ ጠባሳ የሚያወጣ ቃጠሎ ሊያመጣ ይችላል። እኔ ከላይ ባላነሳው ይሻላል ያልኩት ሎሚ በግንባሬ ጠርዝ ላይ ለአራት ወር ጥቁር መስመር ትቶብኝ ነበር። አነሳሁት እንግዲህ።

14. የክሩ መዞሪያ ይህ ነው። ስታዲየም አካባቢ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ፋርማሲስት መልስ ሳይሰጥ ጥያቄ ብቻ ይዞ መጣ። በሳምንት ስንት ቀን ትታጠባለህ፣ ሻምፖው ራስህ ላይ ስንት ደቂቃ ይቆያል፣ ከሻምፖው በኋላ ሌላ ምን ይነካሃል፣ ፀጉርህን ማን ያስተካክላል። የመጨረሻው ጥያቄ አሳቀኝ። ባላሳቀኝ።

15. ይህ የኔው ምላሽ ነው። በእውነት መለስኩ፦ በየቀኑ እታጠባለሁ፤ ፈንገሱ በደንብ እንዲሞት ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ግማሽ ሰዓት አቆየዋለሁ፤ የሻምፖው ሽታ እንዲለቅ ደግሞ በገላ ሳሙናና በሚፋጅ ውሃ አስለቅቀዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዬ በቶንዶስ ዜሮ ያደርገኛል፤ ሲጨርስ አልኮል በጥጥ አርጎ ራሴን በሙሉ ያሸዋል። ሲያቃጥል ጀርም እየሞተ ነው ይለኛል። ስጽፈው ምንም አልመሰለኝም። ላክ የሚለውን ከነካሁ በኋላ ደግሜ አነበብኩት።

16. ፋርማሲስቱ አልሰደበኝም፣ ግን ትዕግሥቱ እንዳለቀ ይታወቅ ነበር። ያ ሻምፖ የሚታዘዘው በሳምንት ሁለቴ ነው፣ ለሁለት እስከ አራት ሳምንት፤ ከዚያ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ለመከላከያ። ራስ ላይ የሚቆየው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ማን እንዲያነበው ነው የሚያትሙት ብሎ ጠየቀኝ። ሻምፖ ፈንገሱን ይቀንሳል እንጂ ምርጊቱን አይለጥፍም፤ በየቀኑ ሲሆን ደግሞ እሱ ራሱ ያጥባል። በላዩ ሳሙና፣ በላዩ ትኩስ ውሃ፣ በላዩ አልኮል። ሦስቱም ቅባት ያነሳሉ። ምላጭና ቶንዶስ በጫሩት ቆዳ ላይ አልኮል ማሸት ምን ማለት እንደሆነም በአንድ አረፍተ ነገር አስቀመጠው፤ አልደግመውም።

17. ሐኪሟ በዚህ ላይ ጥቂት ጨመረች። ቅርፊት በዓይን ባይታይም እንኳ አጥሩ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ ንጣፉ ከሥር ተሠርቶ እስከ ላይ ለመውጣት አራት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ፎረፎር መጥፋቱን አይቶ ዳንኩ ማለትም፣ መቆጥቆጡን አይቶ ፈንገሱ አልሞተም ብሎ ሻምፖ ማብዛትም ስህተት ነው። እኔ ያደረግኩት ሁለተኛውን ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሻምፖ በመካከሉ፣ ጠረን የሌለው ማለስለሻ በሚቆጠቁጠው ቦታ፤ ካልተሻለ ደግሞ ለሻምፖው ራሱ ቆዳህ ተቆጥቶ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪምህ ተመለስ። ይኸው ነው። ውድ ነገር አልጻፈችም፤ ይህ ብዙ ሰው ቅር ሳያሰኘው አልቀረም።

18. ክሩ እዚህ ላይ ጠቆረ። አንዱ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ፣ ፊት ላይ የወጣ ሴቦሪክ ደርማታይተስ የኤችአይቪ ምልክት ስለሆነ ሰውየው ደሙን ቢመረመር ይሻላል ብሎ ጻፈ። ሰውየው እኔ ነኝ።

19. አንዲት ሴት በቁጣ መለሰችለት። በዚህ አገር ሰው ፊቱ ላይ ነጥብ ወጣ ተብሎ ስንቱ ከጎረቤት እንደተገለለ፣ እሷም አጎቷን በእንዲህ ያለ ሹክሹክታ እንዳጣች፣ ሰው በማያውቀው ራስ ላይ መፍረድ ነውር እንደሆነ ነገረችው። ከዚህ የበረታም ነበረበት፤ አስተዳዳሪው አንዱን ቃል አነሳው።

20. ያረጋጉት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ለሁለቱም እኩል ነው የጻፉት። ቁጥር 18 ያለው መሠረት አለው፤ ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህ በሽታ በብዛትም በብርታትም ይታያል፤ ፓርኪንሰን ባለባቸውም እንዲሁ። በድንገት የመጣ፣ ሰፊና ለመድኃኒት እምቢ ያለ ከሆነ መመርመር ጥሩ ነው። ግን ፎረፎር እጅግ ብዙ ሰው ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ከቅርፊት ተነስቶ ወደዚያ መዝለል ስህተት ነው። ከዚያ የራሳቸውን ነገሩን። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት በሠሩበት ክፍል ውስጥ ቅንድባቸውና ጢማቸው ሥር በቅርፊት የተሸፈኑ ወጣቶች ያስተኙ ነበር፤ መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ ፊታቸው ሲጠራ እናቶቻቸው መስታወት ይዘው ይመጡ ነበር። ቁጥር 19 እናቴ ብላ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ቁጥር 18 አልተመለሰም። እኔ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ በዚያው ሳምንት ተመርምሬያለሁ፤ ነጻ ነኝ። ቁጥር 18ን ግን አላመሰገንኩትም።

21. አንዲት እናት ልጇ ስድስት ዓመቱ እንደሆነ፣ ራሱ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ፀጉሩ እንደተበጠሰ፣ የኔን ሻምፖ ስም እንድነግራት ጠየቀች።

22. ፋርማሲስቱ፣ ሐኪሟና ነርሷ በአንድ ድምፅ፣ በደቂቃዎች ልዩነት፣ አይሆንም አሉ (እኔ እንደ አንድ ምላሽ ቆጥሬዋለሁ)። ያ በአብዛኛው ጭርት ነው፤ ሌላ ፈንገስ ነው፣ ፀጉሩ ውስጥ ይገባል፣ ሻምፖ ብቻውን አያድነውም፤ በሐኪም ታዞ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ይፈልጋል። ከልጅ ወደ ልጅም በማበጠሪያ፣ በኮፍያና በቶንዶስ ይተላለፋል። የኔው ግን አይተላለፍም፤ ፈንገሱ ድሮም ሁሉም ሰው ራስ ላይ ነው ያለው። ይህን ያነበበች ባለቤቴ ከስድስት ዓመት በኋላ ፎጣዬን ከልጆቹ ፎጣ ጋር ሰቀለችው።

23. ፀጉር ቤት የምትውል ሴት፣ ሠራተኛ ትሁን ደንበኛ አልገለጸችም፣ ይህ ሁሉ የወንድ ምክር ነው ብላ ገባች። በወር የሚፈታ ሹሩባ የተሠራች ሴት በሳምንት ሁለቴ እንዴት ትታጠባለች? ካስክ ውስጥ አንድ ሰዓት የተቀመጠች፣ ፔስትራ የተሠራችስ? ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። በሽቦ ፀጉራችን ላይ መታጠብ ማብዛት ፀጉሩን ስለሚሰብረው በሳምንት አንዴ እንደሚበቃ፣ መድኃኒቱ ሹሩባው መካከል ባለው መስመር ላይ በቀጥታ ቆዳው ላይ እንደሚደረግ፣ ፀጉሩ ጫፍ ድረስ ማረፋት እንደማያስፈልግ ሐኪሟ ነገረቻት። ሲሠራም ባይጠብቅ፤ ቅርፊት ያለበትን ራስ ጎትቶ መጎንጎን ሌላ ቁስል ነው። ሴትዮዋ መልሳ አመሰገነች፤ ከዚያ ጥቁር ሰው ላይ ሐኪሞች ቅላት ሲፈልጉ እንደማያገኙ፣ እሷ ግንባሯ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅስት ሲወጣባት ለምጽ ነው ተብላ ሁለት ዓመት እንዳለቀሰች ጻፈች። ስለ ቆዳ ቀለም ከተጻፉት ሁሉ ይህ ነው የከነከነኝ። በኛ ቆዳ ላይ ይህ በሽታ ከመቅላት ይልቅ ብዙ ጊዜ ነጣ አድርጎ ነው የሚታየው፤ ሲታከም ይመለሳል።

24. ቁጥር 5 ለሦስተኛ ጊዜ። የኬቶኮናዞል ክኒን ገዝቶ እየዋጠ እንደሆነ፣ ከሻምፖ ይፈጥናል የሚል እምነት እንዳለው አስታወቀ።

25. ፋርማሲስቱ እዚህ ላይ ጮኸ ማለት ይቻላል። ያ ክኒን ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች እንዲታገድ እንዳሉ፣ የአሜሪካዎቹ ደግሞ አጠቃቀሙን እንዳጠበቡት፣ ለፎረፎር መዋጥ ዝንብን በመድፍ እንደመምታት እንደሆነ፣ ዛሬውኑ አቁሞ ሐኪም እንዲያይ ነገረው። ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ከሱቅ ገዝተው ራሳቸውንና ፊታቸውን ለሚቀቡትም ተረፈ፤ ለጥቂት ቀን በሐኪም ትእዛዝ ካልሆነ ያ ቅባት ቆዳውን ያሳሳል፣ ሲቆም እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። ቁጥር 5 እሺ አለ። በአንድ ቃል። ከዚያ በኋላ በክሩ ላይ አልታየም፤ ደህና ይሁን።

26. የመጨረሻው ከፒያሳ ነው፣ ፀጉር አስተካካይ። ዶሮ ማነቂያ የነበረው ቤቱ በ2016 ዓ.ም ከሰፈሩ ጋር እንደፈረሰ፣ አሁን ሌላ ቦታ ተከራይቶ እንደሚሠራ፣ ግማሹ ደንበኛው ሁለት ታክሲ ይዞ እንደሚመጣለት አወራን። ከዚያ በሙያው ስም ተቆጣ። አልኮል ለቶንዶሱ ምላስ ነው እንጂ ለሰው ራስ አይደለም፤ እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ ምላሱን ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ያጸዳበታል፣ ራስ ግን አሽቶ አያውቅም። የሰው ራስ የሚያሸው አልኮሉን ለመሣሪያው ማባከን የማይፈልግ ነው አለ። ቀጥለው አምስት የፒያሳ ልጆች ስለ ድሮ ፀጉር ቤቶች፣ ስለ ማን ቤት የትኛው ጥግ ላይ እንደነበረ መከራከር ጀመሩ፤ ፎረፎር የሚለው ቃል ተመልሶ አልተነሳም። አልቆጠርኳቸውም።

የኔን ነገር ለጠየቃችሁ፦ ሻምፖውን በአምስት ቀን አንዴ አደረግኩት፣ አምስት ደቂቃ በሰዓት። ሳሙናውን ተውኩ። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ጠዋት በአራት ኪሎ ብርድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጥቂት ፎረፎር ተመለሰና ደነገጥኩ፣ ወደ ዕለት እጥበቴ ልመለስ ነበር፣ ታገስኩ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ኮፍያ አድርጌ ከአራት ኪሎ ለገሃር በእግሬ ወረድኩ፤ ላብ ነካኝ፣ አልለበለበኝም።

ቅዳሜ ለት ደግሞ ፀጉር አስተካካዬ ጋ ሄድኩ። ዜሮ አይሁን፣ ሦስት ቁጥር ይሁን አልኩት። ዝም ብሎ ሠራኝ። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ጥጡን አልኮል ውስጥ ነክሮ ወደ ራሴ ሲመጣ እጄን አነሳሁና አይ፣ ዛሬ ይቅር አልኩ። ጥጡን እንደያዘ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ፣ ጥጡን አየ፣ ከዚያ ቶንዶሱን አንስቶ ምላሱን ቀስ እያለ ይጠርግ ጀመር። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ወጣ።